ኮራሉን አልጌ ሲወርሰው፦ በሊታው ዓሣ እያለ ለምን?

ጅማ ላይ ባዮሎጂ ስናስተምር የቀይ ባሕርን ኮራል (እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቤት እየሠራ በባሕር ወለል ላይ የሚኖር እንስሳ) የምናሳየው በፎቶ ነው። በቦዬ ረግረግ ዳር ከብት ሲግጥ እያየ ያደገ ተማሪ ግን ጥያቄው ቀጥተኛ ነው፦ «አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዕፅ መሰል ነገር) የሚበላ ዓሣ ካለ፣ አልጌው እንዴት ኮራሉን ይወርሰዋል?» መልሱ አንድ ስላልሆነ ፎቶው ላይ ከሚታየው ምልክት እንነሳ።

ምልክት፦ ዓሣ አለ፣ አልጌው ግን አልተነካም

መንስኤው፦ አልጌው ራሱን ይከላከላል። ከብቱ ለምለሙን ሣር ግጦ መራራውን እንደሚተወው፣ ዓሣውም የሚስማማውን ይጨርስና ለማይበላው ቦታ ይለቅለታል። ዲክትዮታ የተባለው ቡናማ አልጌ ዓሣ የሚያርቅ ኬሚካል አለው፤ ተርቢናሪያ ደግሞ ጠንካራና ሻካራ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሃሊሜዳ ነው። ትንንሽ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ክፍሎች ተቀጣጥለው የሠሩት አልጌ ሲሆን፣ ሰውነቱን የሚያጠነክረው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አዲስ ክፍል የሚያወጣው በሌሊት፣ ቀን የሚግጡት ዓሦች በተኙበት ሰዓት ነው። አዲሱ ክፍል ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፤ አረንጓዴ የሚሆነው ሊነጋ ሲል ነው። ገና ስላልጠነከረ የሚጠብቀው ኬሚካሉ ነው፤ መጠኑም በአሮጌዎቹ ክፍሎች ካለው ይበልጣል። ዓሣው ጠዋት ሲመጣ የሚያገኘው የማይጥም ምግብ ነው።

መፍትሄው፦ «ዓሣ አለ» ብሎ አለመርካት፤ የትኛው ዓሣ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ፓሮት ፊሽ ድንጋዩን እየፋቀ አጫጭሩን አልጌ ያጸዳል፤ ረጅሙን ቡናማ አልጌ የሚበሉት እንደ ዩኒኮርን ፊሽ ያሉት ናቸው። አንዱ የሌላውን ሥራ ስለማይሸፍን ጥበቃው ሁሉንም ማካተት አለበት።

ምልክት፦ አልጌው ረዝሞ ጥቅጥቅ ብሏል

መንስኤው፦ በቡቃያነቱ የሚበላው አጥቷል። ዓሣና የባሕር ጃርት (ሰውነቱ እሾሃማ የሆነ ትንሽ የባሕር እንስሳ) አልጌን በደንብ የሚቆጣጠሩት ገና ሲበቅል ነው። አንዴ ካመለጣቸው ብዙዎቹ ዓሦች ጥቅጥቅ ያለውን አልጌ ይሸሹታል።

ጃማይካ የደረሰው ይኸው ነው። አልጌ በሊታዎቹ ዓሦች ለብዙ ዘመን ተጠምደው አልቀው ስለነበር ሥራው በባሕር ጃርት ላይ ወደቀ። በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አውሎ ነፋስ ኮራሉን ሰባበረ። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ በሽታ በካሪቢያን የባሕር ጃርቱን ጨረሰው። በ1977 ከባሕሩ ወለል ግማሽ ያህሉን ይሸፍን የነበረው ኮራል በ1993 ወደ 3 በመቶ ሲወርድ፣ አልጌው ከ4 ወደ 92 በመቶ ወጣ።

መፍትሄው፦ ነቅሎ ማውጣትና በሊታውን መመለስ አብረው መሄድ አለባቸው። ሳርጋሰም የተባለው ረጅም ቡናማ አልጌ ድንጋዩን የያዘበት ግርጌው ከቀረ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ከላይ ማጨድ ብቻውን ድካም ነው። በሃዋይ ካኔኦሄ ባሕረ ሰላጤ መጤ አልጌን በፓምፕ ከሳቡ በኋላ ቡቃያውን እንዲበሉ የባሕር ጃርት ጫጩቶችን ለቀቁ። የመካከለኛው አሜሪካዋ ቤሊዝ በ2009፣ የካሪቢያን ደሴቷ ቦኔር በ2010 ፓሮት ፊሽ ማጥመድን ከለከሉ። እኔ ሀብቱ አነስተኛ ለሆነ አገር የማስቀድመው ይህን ክልከላ ነው፤ ከደኸየ ሪፍ (ኮራል የሠራው የባሕር ውስጥ ቋጥኝ) አልጌ ከመንቀል በጊዜ መጠበቁ እጅግ ይቀላል።

አንድ ማስተዋል የሚገባ ነገር፦ በአውስትራሊያ ኦርፊየስ ደሴት ለሦስት ዓመት በአጥር ከግጦሽ ተከልሎ ያደገውን ሳርጋሰም አጥሩ ሲነሳ በዋናነት የበላው ከዋናዎቹ አልጌ በሊታዎች ያልተቆጠረ ባትፊሽ ነበር። ስለዚህ «አይጠቅምም» ብለን የምንንቀው ዓሣ ሊኖር አይገባም።

ምልክት፦ ኮራሉ አልጌ በነካው በኩል ብቻ ነጥቷል

መላው ኮራል ከነጣ ሙቀትን ጠርጥሩ። ጠርዙ ብቻ ከሆነ ግን መንስኤው በአንዳንድ አልጌዎች ገላ ላይ ያለው ቅባታማ ኬሚካል ሊሆን ይችላል፤ በመነካካት ወደ ኮራሉ ይተላለፋል። መፍትሄው አልጌውን ማራቅ ነው።

ምልክት፦ አልጌው የበዛው ፍሳሽ በሚገባበት አካባቢ ነው

ፍሳሹ ማዳበሪያ ሆኖለታል። በዚያው በካኔኦሄ የፍሳሹ መውጫ በ1977 እና 1978 ወደ ጥልቁ ባሕር ሲዛወር የአልጌው መጠን ቀንሷል።

ምልክት የሚመስል ግን ያልሆነ

በደቡባዊ ቀይ ባሕር ጥልቀት በሌላቸው ዳርቻዎች ሳርጋሰም በቀዝቃዛው ወቅት በተፈጥሮው ይለመልማል፤ በሙቀቱ ወራት ይረግፋል። ተማሪ የምጽዋን ፎቶ ይዞ «ሪፉ ሞቷል» ካላችሁ፣ መጀመሪያ በየትኛው ወር እንደተነሳ ጠይቁት፤ ከዚያ የዚያኑ ቦታ የቀዝቃዛውና የሙቀቱ ወራት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጡለት።