ስታቢላይዘር ስንፈትሽና ስንቀይር የምንሠራቸው ስህተቶች

መኪናዋ ትንንሽ ጉድጓድ ስትመታ ከፊት «ቋ ቋ» ትላለች። ልሙጥ አስፋልት ላይ ዝም። እኔ ይህን ድምፅ ሰምቼ ሁለቱንም የፊት አሞርዛተር አስቀይሬ አውቃለሁ። ከጋራዥ ወጥቼ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ፦ ቋ! ጥፋተኛዋ የጣት ውፍረት ያላት የስታቢላይዘር ሊንክ ነበረች።

ስታቢላይዘር የግራና የቀኙን እግር (ጎማው የሚያያዝበትን ክፍል) የሚያገናኝ የታጠፈ የብረት ዘንግ ነው። ሊንክ ደግሞ የዘንጉን ጫፍ ከእግሩ ጋር የሚያያይዝ አጭር ዘንግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጫፎቹ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ኳስ አለው። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል ይጠመዘዝና ማጋደሉን ይቀንሳል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ግን አይጠመዘዝም፤ ከመኪናው አካል ጋር በያዙት የጎማ ቦኮላዎች (የላስቲክ መያዣዎች) ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል። ይህችን ያዙልኝ። ከስህተቶቹ ብዙዎቹ እሷን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

አንዱን ጎማ ብቻ አንስቶ መፈተሽ

በብዛት የማየው ይሄንን ነው። አንዱ ወገን በክሪክ ይነሳል፣ ሊንኩ ይነቀነቃል፣ «ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንዱ ጎማ ተንጠልጥሎ ሌላው መሬት ላይ ሲሆን ዘንጉ ተጠምዝዞ ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል። ያለቀለት ሊንክ እንኳ ያኔ ንቅንቅ አይልም። ወይ ሁለቱም መሬት ላይ ይሁኑ፣ ወይ ሁለቱም ይንጠልጠሉ። ከዚያ ሊንኩን በእጅ ጨብጣችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። መዳፋችሁ ውስጥ «ቀጭ» የምትል ነገር ከተሰማች ሊንኩ አልቋል። የኳሱ ላስቲክ ተቀዶ ግራሶው የወጣም ከሆነ ብዙ ዕድሜ የለውም።

መፍታት ላይም ያው ነው። ቡሎኑ አልወጣ ብሎ በመዶሻ የሚደበደበው ብዙ ጊዜ ዘንጉ ስለተወጠረ ነው። ሲለቀቅ ደግሞ ተስፈንጥሮ እጅ ይመታል።

በክሪክ ብቻ ተማምኖ ሥር መግባት

ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ለመሸከም የብረት መደገፊያ ይግባ። መሬት የነኩት ጎማዎች ላይም ታኮ ይደረግ።

ዳዶውን በጉልበት መፍታት

አሮጌ መኪና ላይ ዳዶው ሲዞር ውስጡ ያለው ኳስም አብሮ ይዞራል። ሰው ይበሳጫል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ አሁንም አብሮ ይዞራል። የቡሎኑን ጫፍ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ የአለን (ባለ ስድስት ጎን) ቁልፍ መግቢያ ቀዳዳ አላቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ከላስቲኩ አጠገብ ቀጭን ቁልፍ የሚይዝ ጠፍጣፋ ቦታ አላቸው። እሱን ይዛችሁ ዳዶውን ፍቱ። ከዚያ በፊት ግን ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፣ የዝገት ማላቀቂያም ከአንድ ቀን በፊት ርጩበት። ቀዳዳው በዝገት ከተሞላ በሹል ነገር ፈልፍላችሁ አጽዱት፤ ቁልፉ በደንብ ካልገባ ጠርዙን በልቶት ሌላ ጣጣ ያመጣል። መቁረጥ ግድ ከሆነም የፍሬን ጎማ ቱቦውንና የኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያ) ሽቦውን ከብልጭታው አርቁ።

ቦኮላ በመኪናው ስም ብቻ መግዛት

አንድ ዓይነት ሞዴል ሆኖ የዘንጉ ውፍረት የሚለያይ መኪና አለ። የፊትና የኋላውም አንድ አይደለም። ዝገቱን አጽድታችሁ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩ። የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ድምፁን ይመልሰዋል። ስትለኩ ቦኮላው የሚያርፍበትን ቦታ ከጎኑ ካለው ጋር አወዳድሩ፤ ለዓመታት የገባው አሸዋ ብረቱን በልቶ አቅጥኖት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ አዲስ ቦኮላ ብቻውን አይፈታውም፤ ዘንጉም መለወጥ አለበት።

ያገኙትን ግራሶ መቀባት

ተራ ግራሶ የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፣ ያበሰብሳል። የጎማ ቦኮላ በደረቁ ወይም በሳሙና ውሃ ይገባል። የፖሊዩሪቴን (ጠንከር ያለ ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ከሆነ የሲሊኮን ግራሶ ይፈልጋል፣ ያለሱ ይንጫጫል።

እግሩ ተንጠልጥሎ ጨርሶ ማጥበቅ

መጀመሪያ ዳዶና ቡሎኑን በእጅ ብቻ አስይዙ። መኪናው በጎማዎቹ ላይ ሲቆም ነው የመጨረሻው ማጥበቂያ፣ ልኩም ከመኪናው መመሪያ ነው። ረጅም ቡሎንና የጎማ ቀለበቶች ያሉት የድሮ ዓይነት ሊንክ ላይ ጎማው እስኪፈርጥ የሚያጠብቁ አሉ። ጎማው ሲጨፈለቅ ድንጋይ ይሆናል፣ ሥራውም ያበቃል። የፕላስቲክ ቀለበት ያለበትን ዳዶ ደግሞ መልሳችሁ አትጠቀሙበት፤ አንዴ ከተፈታ እንደ በፊቱ አይዝም።

ሊንኩን በጥንድ መቀየርም ይሻላል። አንዱ ካለቀ፣ ያው መንገድ ላይ የከረመው ሌላው ሩቅ አይሆንም። «ከዚህ በኋላ የጎማ አላይመንት አሠሩ» የሚላችሁ ካለ፣ ሌላ ነገር ካልተፈታ አያስፈልግም፤ ስታቢላይዘር የጎማውን አቅጣጫ አይወስንም።

ሁሉንም አድርጋችሁ ድምፁ ካልጠፋ ሁለቱንም ሊንክ ፍታችሁ አውጡና ባዶ ቦታ ላይ በዝግታ ትንሽ ንዱት፤ ኩርባ ላይ ስለሚያጋድል ፍጥነት አትጨምሩ። አሁንም «ቋ» ካለ ስታቢላይዘሩን ተዉት፤ የታችኛውን ክንድ ኳስና የአሞርዛተሩን የላይ መቀመጫ እዩ።