የጋዝ እፍግታን በአዲስ አበባ ግፊት ማስላት

እፍግታ፣ በክፍል ውስጥ ዴንሲቲ የምንለው፣ አንድ ሊትር ጋዝ ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግረናል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ቀመሩ ጠፍቶበት ሳይሆን ግፊቱን ከመጽሐፍ ገልብጦ ነው። «አንድ ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ጋዝ 22.4 ሊትር ነው» የሚባለው በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በባሕር ጠለል ግፊት ብቻ ነው። መሐል አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ በባሕር ጠለል ላይ 101.3 ነው። ውሃችን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላውና ባቄላው አልበስል የሚለውም ለዚህ ነው። በ20 ዲግሪ አንድ ሞል ጋዝ እዚህ 32 ሊትር ይይዛል።

ቀመሩ ይህ ነው፦

እፍግታ = (ግፊት × ሞላር ማስ) ÷ (8.314 × ሙቀት)

8.314 የጋዝ ቋሚ ቁጥር ነው። ግፊት በኪሎፓስካል፣ ሞላር ማስ (የአንድ ሞል ክብደት) በግራም በሞል፣ ሙቀት በኬልቪን ሲገባ መልሱ በግራም በሊትር ይወጣል። ለአየር 28.97 ውሰዱ፤ 20 ዲግሪ ደግሞ 293 ኬልቪን ነው። 76 × 28.97 = 2,202፤ 8.314 × 293 = 2,436፤ ሲካፈል 0.90። መልሱ 13 ከሆነባችሁ ኬልቪኑን ረስታችሁ ሴልሺየስ አስገብታችኋል።

ግፊቱን ከስልክ የአየር ሁኔታ አፕ አትውሰዱ። አፑ «1,018 ሄክቶፓስካል» (101.8 ኪሎፓስካል) የሚለው ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የተሰላ ቁጥር ነው፤ በእሱ ካሰላችሁ መልሱ ከእውነተኛው በሲሶ ያህል ይበልጣል። ከፍታችሁን አውቃችሁ 76ን አስተካክሉ፦ በየ113 ሜትሩ ዳገት 1 ኪሎፓስካል ይቀንሳል። በነገራችን ላይ በክረምት «አየሩ ከብዷል» ይባላል እንጂ እርጥብ አየር ከደረቅ ይቀላል፤ የውሃ ተን 18 ግራም በሞል ብቻ ነውና። ልዩነቱ ከ1 በመቶ ብዙም ስለማያልፍ ለቤት ሥራ ተዉት።

አሁን ካርቦንዳይኦክሳይድን መዝኑ። የወጥ ቤት ሚዛን አይሆንም፤ 0.01 ግራም የሚለይ፣ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ያስፈልጋል። ባዶ ሃይላንድ ሲጨበጥ ይዘቱ ስለሚለወጥ ክዳን ያለው የግማሽ ሊትር ብርጭቆ ጠርሙስ ይሻላል። ደረቁን ጠርሙስ ከነክዳኑ መዝኑ። በሌላ ጠርሙስ 8 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ላይ 150 ሚሊሊትር አቼቶ ቀስ እያላችሁ ጨምሩና ጋዙን በቱቦ ወደ ደረቁ ጠርሙስ ታች ድረስ ውሰዱ። ቱቦው አፉ ላይ ከቀረ አየሩ ሳይወጣ ይደባለቃል። ፈሳሹ አረፋ ሆኖ በቱቦው ካለፈ ግን እንደገና ጀምሩ፤ አንድ ጠብታ ውሃ 0.05 ግራም ያህል ስለሆነ ውጤቱን ያበላሻል። አረፋው ሲበርድ ቱቦውን ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ክደኑ፣ በእጃችሁ የሞቀው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና መዝኑ። የጠርሙሱን እውነተኛ ይዘት ለማወቅ በመጨረሻ እስከ አፉ ውሃ ሞልታችሁ መዝኑት፤ የውሃው ግራም ሚሊሊትሩ ነው።

ጠርሙሱ 520 ሚሊሊትር ሆኖ ክብደቱ 0.24 ግራም ጨመረ እንበል። 0.24 ÷ 0.52 = 0.46። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ካርቦንዳይኦክሳይድ ከአየር በግማሽ ይቀላል» ብሎ ይጽፋል። ባዶ ያልነው ጠርሙስ ግን ግማሽ ግራም ያህል አየር ይዞ ነበር። ስለዚህ የአየሩን 0.90 ደምሩበት፦ 1.36። ቀመሩ የሚሰጠው 1.37 ነው። 1.2 ወይም 1.3 ካገኛችሁ ጠርሙሱ ውስጥ አየር ቀርቷል።

ሁለት ጋዞችን ለማወዳደር ብቻ ከሆነ ግፊትም ሙቀትም አያስፈልግም፤ ሞላር ማሳቸውን አካፍሉ። በቡታጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ካሉት ቡቴን 58 ነው፣ የአየር እጥፍ፤ ፕሮፔን 44። ሬጉላተሩ ጋ ሲያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ከፍ ያለ መስኮት ብቻ መክፈት አያወጣውም፤ በሩን ክፈቱ፣ መብራት አትንኩ። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ግን 28 ስለሆነ ከአየር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ወለል ላይ አይተኛም፣ ጣሪያ ላይም አይሰበሰብም፤ አልጋውም ወንበሩም ጋ ያው ነው።