ሁሉም በየራሱ ሰዓት ሲጫወት፦ ለማሲንቆ፣ ለክራር፣ ለዋሽንትና ለከበሮ ቡድኖች ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ በአገር መሣሪያ የሙከራ ሙዚቃ ለሚለማመዱ ትንንሽ ቡድኖች ነው። በተለይ የአንዱ ተጫዋች ጊዜ ከሌላው ጋር ሳይታሰር ለብቻው የሚሄድበትን ሥራ ይዛችሁ የተቸገራችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያለው ሙዚቃ በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንደኛው በሰዓት ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ በፈረንጆቹ ከ1987 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1992 ድረስ በቁጥር የሰየማቸውን ብዙ ሥራዎች ጽፏል። አብዛኞቹ ውስጥ ባርም ምትም የለም፤ ያለው የጊዜ ቅንፍ ነው። በግራ በኩል «ከ0:00 እስከ 0:45»፣ በቀኝ በኩል «ከ0:30 እስከ 1:15» የሚል ካገኛችሁ፣ ድምፁን በመጀመሪያው ክልል ውስጥ በፈለጋችሁት ሰከንድ ትጀምራላችሁ፣ በሁለተኛው ክልል ውስጥ በፈለጋችሁት ሰከንድ ትጨርሳላችሁ ማለት ነው። ለጀማሪ ቡድን የምመርጠው በ1988 የጻፈውን «አምስት» ነው። አምስት ሰዎች በፈለጉት መሣሪያ ወይም በድምፃቸው ሊጫወቱት ይችላሉ፤ ርዝመቱም 5 ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሰዓት የለውም። ሌላው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ሞርተን ፌልድማን በ1978 ለፍሉት፣ ለፒያኖና ለግሎከንሽፒል (በትንሽ መዶሻ የሚመታ የብረት መሣሪያ) በጻፈው «ዋይ ፓተርንስ?» ሦስቱ ተጫዋቾች አብረው ይነሳሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ኖታ በራሱ ቆጠራ ይዞ ይሄዳል፤ የሚገናኙት ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ሰዓት ካለው ይልቅ ይሄኛው ይከብዳል። ስለዚህ በሰዓቱ ጀምሩ።

ምልክት፦ ሳይታሰብ ሁሉም አንድ ላይ ይገባል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ እያንዳንዱ 45 ሰከንድ የሚያህል ነፃነት አለው፣ ግን ዋሽንቱ ሲነሳ ማሲንቆው ይከተላል፣ ክራሩም ያጅባል። ሦስተኛው ቅንፍ ላይ ሲደረስ ሙዚቃው ቀስ ያለ ትዝታ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ምክንያቱ ችሎታ ማነስ አይደለም፣ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። አዝማሪ የሰለጠነው ለመከተል ነው። ታዳሚው ግጥም ሲሰጠው አንስቶ ይመልሳል፤ ማሲንቆው ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ቀድሞ ያውቃል። እምቢልታ የሚነፉ ሰዎችን ተመልከቱ፤ እያንዳንዱ ያለው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚወጣው አንዱ የሌላውን ክፍተት በትክክል ሲሞላ ነው። የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ) መምህራን መፍለቂያ በሆነችው በጎንደር በአታ ያደገ ሰውም ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ማለትም ከአንዱ የዝማሬ ስልት ወደ ሌላው ሲታለፍ ከጎኑ ካለው ጋር አንድ አካል ሆኖ መሸጋገርን ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሮታል። እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ጥበቦች ናቸው። እዚህ ግን እጃችን ከሐሳባችን ቀድሞ ይታዘዝላቸዋል።

መፍትሄው በደረጃ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓቱ ጋር ይለማመድ፣ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰከንድ በሰውነቱ ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዱ ቅንፉን ሲጫወት ሌላው ሆን ብሎ የታወቀ የትዝታ ወይም የአምባሰል ሐረግ በአጠገቡ ይጫወት። ቅንፉን የያዘው ሰው መልስ መስጠት የለበትም። በጣም ከባድ ልምምድ ነው፤ በተለይ ጥሩ አዝማሪ ለሆነ ሰው እጅን መያዝ ያደክማል። አትዝለሉት፣ ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ግማሾቹ እዚህ ላይ ይፈታሉ።

ጆሮን ግን አትድፈኑ። «አልሰማም» ብሎ የሚጫወት ሰው ወይ ይጮሃል ወይ ይደነዝዛል፣ ሙዚቃውም ይሞታል። እኔ የምሰጠው ደንብ አጭር ነው፦ መቼ እንደምትገቡ ከሰዓቱ፣ ምን ያህል ጎላ እንደምትሉ ከጆሮ ውሰዱ። የጓደኛችሁ ድምፅ ስስ ከሆነ የእናንተም ይሳሳ። ለመግባት ግን የእሱን መነሳት አትጠብቁ።

ምልክት፦ መግቢያዎቹ ይከማቻሉ፣ የቀረው ጊዜ ባዶ ነው

ከላይኛው ጋር ይመሳሰላል፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሰዎች እርስ በርስ ሳይከታተሉም አንድ ላይ ሊገቡ ይችላሉ፣ ምክንያቱም የሚያዩት አንድ ሰዓት ነው። ሰዓት የሚያይ ሰው 1:00፣ 1:15፣ 1:30 ላይ መግባት ይቀናዋል። አምስት ሰዎች አምስቱም ድፍን ቁጥር ከመረጡ ውጤቱ በምት ከተመራ ኅብረት አይለይም።

ስለዚህ ከልምምዱ በፊት እያንዳንዱ በየቅንፉ ላይ በእርሳስ ሰከንድ ይጻፍ፤ 1:07፣ 1:23፣ 1:41 እንደማለት። ለሌላው አያሳይ። በሚቀጥለው ልምምድ ያጥፋውና ሌላ ይጻፍ። እንዲህ ስታደርጉ ሙዚቃው በየቀኑ ይለወጣል፤ አንድ ቀን ሁለት ድምፆች በመነካካት ያልፋሉ፣ ሌላ ቀን በመካከላቸው ረጅም ዝምታ ይገኛል። ባዶ ጊዜ ሲመጣ የሚፈሩ ተጫዋቾች አሉ፣ «የሆነ ነገር ልሙላ» ብለው ይገባሉ። እንዲህ ያለውን ሰው አትገሥጹት፤ በልምምድ ላይ አንድ ሙሉ ቅንፍ ሳይጫወት ቁጭ ብሎ እንዲሰማ አድርጉት።

ምልክት፦ ሰዓቶቹ አይስማሙም

ብዙ ጊዜ የሚያጣላን ስልኩ አይደለም፣ አነሳሳችን ነው። የዛሬ ስልክ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚያሳየው ልዩነት ለጆሮ የማይታወቅ ነው። ልዩነት የሚመጣው አንዱ ቶሎ ሌላው ዘግይቶ ሰከንድ ቆጣሪውን ሲጫን ነው። አንድ ሰው ዓይን ለዓይን ተያይቶ ራሱን ነቅንቆ ያስነሳ። የግማሽ ሰከንድ ልዩነት ከቀረ ተዉት፣ ቅንፉ ሰፊ ስለሆነ ይውጠዋል።

በቀን ሰዓት አትነሱ። የአንዱ ስልክ 2 ሰዓት ሲል የሌላው 8 ሰዓት ይላል፣ ደቂቃውም ሁልጊዜ አይመሳሰልም። ከዜሮ የሚነሳ ቆጣሪ ይሁን። ስልኩ የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ይደረግ፣ መስታወቱ እንዳይጠፋ ይስተካከል፣ ባትሪው ከቤት ሞልቶ ይምጣ። አንድ ትልቅ የላፕቶፕ ሰዓት መሬት ላይ አስቀምጦ ሁሉም ቢያየው የተሻለ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የየራስ ስልክን እመርጣለሁ። የጋራው ሰዓት ሁሉንም አንገት ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞራል፣ መብራት ከጠፋና የላፕቶፑ ባትሪ ከደከመም ሁሉም አብሮ ይቆማል።

ምልክት፦ ዋሽንቱ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ክራሩ ቶሎ ይጠፋል

እነዚህ ሥራዎች ረጅምና ለስላሳ ድምፅ ይወዳሉ። ማሲንቆ ደጋን ስላለው አይቸገርም፤ ደጋኑ ሲመለስ እንዳይሰማ ብቻ ቀስ ይበል። ዋሽንት ነፊ ግን «ከ0:00 እስከ 1:15» የሚል ሲያይ ሙሉውን መያዝ ያለበት ይመስለውና መሃል ላይ ይሰበራል። ቅንፉን በደንብ አንብቡ። መጀመሪያው እስከ 0:45 ድረስ ይፈቅዳል፣ መጨረሻው ከ0:30 ጀምሮ ይፈቅዳል። ሁለቱ ክልሎች ይደራረባሉ። ስለዚህ 0:38 ላይ ገብቶ 0:48 ላይ መውጣት ፍጹም ትክክል ነው፤ አሥር ሰከንድ ደግሞ አንድ ትንፋሽ ይበቃታል። ረጅሙን ለማሲንቆው ተዉለት።

ክራር ሲመታ ድምፁ ወዲያው መክሰም ይጀምራል። አንዳንዱ እንዲቆይ ብሎ ደጋግሞ ይመታዋል፣ ያኔ ምት ይፈጠርና ሌሎቹ ሳያውቁት ይቆጥሩበታል። አንድ ጊዜ መትቶ እስኪጠፋ መተው ይሻላል። የግድ ረጅም ካስፈለገ ዳር ያለውን ክር በማሲንቆ ደጋን ቀስ አድርጎ መሳብ ይቻላል፤ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ከዋሽንት ጋር ግን ያምራል።

ቅኝቱም ሌላ ጣጣ አለው። ባለ ስድስት ክር ክራር በአምስት ድምፅ ተቃኝቶ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በኦክታቭ ይደግማል። በፈረንጅ ኖታ የተጻፈ ክፍል ትዝታን ወይም ባቲን አያውቅም። በኖታው ላይ ያሉትን ድምፆች አስቀድማችሁ ዘርዝሩና ክራሩን ለዚያ ሥራ ብቻ ቃኙት፤ የማይበቃ ከሆነ ክፍሉን ለማሲንቆ ስጡት። ማሲንቆ አንድ ክር ቢኖረውም ጣት የሚያርፍበት ቦታ ስላልተከፋፈለ በክልሉ ውስጥ የማይደርስበት ድምፅ የለም።

ምልክት፦ ከበሮው ሲገባ ነፃነቱ ያልቃል

ከበሮ ሁለት ጊዜ እኩል ከተመታ ሰው ሦስተኛውን ይጠብቃል። ማጥፋት የማይቻል ነገር ነው። «አምስት» ራሱ ዜማዊ ድምፅ ስለሚፈልግ ከበሮን አታስገቡበት፤ ቅንፍ ራሳችሁ ስትጽፉ ግን ከበሮ በአንድ ቅንፍ አንድ ምት ብቻ ይኑረው፣ ወይም ቆዳውን በመዳፍ ይሽው። መሻሸቱ ቁጥር የለውም፣ ማንንም አያስጎትትም።

በክረምት ደግሞ ቆዳው እርጥበት ይስብና ይረግባል፤ የማሲንቆው ቆዳም እንዲሁ። እሳት ወይም ፀሐይ ማስሞቅ የቆየ መላ ነው። አዳራሹ በሰው ሲሞቅ ግን እንደገና ስለሚለወጥ፣ ታዳሚ ከገባ በኋላ አንዴ ሞክሩት።

ምልክት፦ አንዱ ቦታው ጠፍቶበታል

በሰዓት የሚሄድ ከሆነ ቀላል ነው። ያለፈውን ቅንፍ ተዉት፣ ሰዓቱ የሚያሳየውን ያዙ። ያመለጠን ድምፅ ለማካካስ አትሽቀዳደሙ፤ ማንም አልጎደለም አይልም፣ የተቻኮለ ድምፅ ግን ይታወቃል።

ሰዓት በሌለው ሥራ፣ ለምሳሌ በፌልድማኑ ዓይነት፣ ጉዳዩ ይከብዳል። እያንዳንዱ የሚቆጥረው ለብቻው ስለሆነ አንዱ በገጽ ሊቀድም ይችላል። መፍትሄው ከመሃል ማስተካከል አይደለም። መሃሉ ላይ ከተስተካከላችሁ ሥራው የተጻፈበትን ነገር አጠፋችሁት። ይልቅ በልምምድ የየራሳችሁን ጠቅላላ ጊዜ መዝግቡ። አንዱ ሁልጊዜ በብዙ ቀድሞ የሚደርስ ከሆነ የራሱን ቆጠራ በትንሹ ያርግብ፣ ያውም ለብቻው ሲለማመድ። መገናኛው ላይ ቀድሞ የደረሰ ዝም ብሎ ይጠብቅ፤ ማን ምልክት ሰጥቶ ጋራውን እንደሚያስነሳ አስቀድሞ ይወሰን።

ምልክት፦ አንድ መሣሪያ ሌሎቹን ይሸፍናል

አዝማሪ ቤት የለመደ እጅ ለጫጫታ ክፍል የተገራ ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለ ቤት ውስጥ ማሲንቆ ካልጎላ አይሰማም፤ እዚህ ግን ያው ጉልበት ዋሽንቱን ያጠፋዋል። ተጫዋቾቹን በትኗቸው። ክብ ሠርታችሁ ፊት ለፊት ስትቀመጡ ትጋፋላችሁ፣ ትከታተላላችሁም። በአዳራሹ አራት ማዕዘን ላይ ብትቀመጡ ሁለቱም ይቀንሳል።

ይህ ሙዚቃ መራራቅን ይችላል። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 15 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የሚሰማችሁ ከ4 መቶኛ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። በእስክስታ ምት ላይ እንዲህ ያለው መዘግየት ያውካል። በቅንፍ ሙዚቃ ግን ምንም አይነካም። ስለዚህ ፈቃድ አግኝታችሁ በፈረንጆቹ 1636 በተቆረቆረችው ከተማችን የድንጋይ ግንብ አጠገብ፣ በፋሲል ግቢ አካባቢ ለመጫወት ዕድል ብታገኙ ተራርቃችሁ ተቀመጡ። የድንጋይ ክፍል ድምፅን ያቆያል፤ አንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ስለሚደርብበት በቅንፉ ውስጥ አጫጭር ድምፆችን ምረጡ።

የባጃጅ ጥሩምባ፣ የቅዳሴ ወይም የአዛን ድምፅ ከውጭ ቢገባ አታቋርጡ፣ አትጩሁበትም። ሰዓታችሁን ይዛችሁ ቀጥሉ። ኬጅ ራሱ በ1952 ተጫዋቹ አንድም ድምፅ የማያሰማበትን ሥራ ያቀረበው በቦታው ያለው ድምፅ ሁሉ እንዲሰማ ነው።

ምልክት፦ ታዳሚው ሳያልቅ ያጨበጭባል

ጎንደሬ ታዳሚ ዝም ብሎ መቀመጥ አልለመደም፣ አዝማሪን በግጥምና በሽልማት ነው የሚያናግረው። ረጅም ዝምታ ሲመጣ «አለቀ» ብሎ ቢያጨበጭብ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አልነገርነውምና። ከመጀመራችሁ በፊት በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩት፦ ሥራው 5 ደቂቃ ነው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ሰዓት ይዟል። «እባካችሁ ዝም በሉ» አትበሉ፣ ሰውን ያስቀይማል። ርዝመቱን ያወቀ ሰው ራሱ ይጠብቃል።

ቀሪው በሰውነታችሁ ነው። በዝምታ ጊዜ ደጋኑን ከክሩ አታንሱ፣ ዋሽንቱን ጭን ላይ አታስቀምጡ። በመጨረሻው ቅንፍ ማን ቀድሞ ጨርሶ ማን እንደሚቀር አይታወቅም፤ ቀድሞ የጨረሰውም የቀሩትን እየሰማ በነበረበት ይቆይ። ቆጣሪው 5:00 ሲል ሁሉም መሣሪያውን አውርዶ ይነሳ፤ አንድ ሰው ብቻ ቀድሞ እንዳይነሳ ግን በልምምድ አነሳሱንም ጭምር ሞክሩት።