ሠራተኛን ማነሳሳት ከየት ይጀምራል?

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ አነስተኛ የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ ስድስት ሠራተኞችን እንድመራ በተመደብኩበት ዓመት፣ ጥሩ አለቃ ማለት አንድ ዓይነት ጠባይ ይዞ ለሁሉም እኩል የሚያሳይ ሰው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን የአመራር ዘይቤን መወሰን ያለበት የአለቃው ተፈጥሮ ሳይሆን ሠራተኛው በተሰጠው ሥራ ላይ ያለው ችሎታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘይቤ ከመምረጥዎ በፊት ግን የደመወዝ መክፈያውን ይመልከቱ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ በመሐንዲሶችና በሂሳብ ሠራተኞች ላይ ያካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመውን ጥናት መሠረት አድርጎ እንዳስረዳው፣ ደመወዝ፣ የሥራ ሁኔታና የቁጥጥር አሠራር ሲጓደሉ ሰውን ያስኮርፋሉ፤ መሟላታቸው ብቻውን ግን አያነሳሳውም። የሚያነሳሳው የሥራ ውጤት፣ ዕውቅናና ኃላፊነት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ይህ ዕዳ እንጂ ማበረታቻ አይደለም። በሰኔ መጨረሻ ሂሳብ ሲዘጋ ሠራተኛውን እያስመሹ፣ ክፍያውን ግን አዘግይተው ፈንዲሻ አስበትነው ቡና ቢያስፈሉለት፣ ቡናውን ጠጥቶ ቅሬታውን ይዞ ወደ ታክሲ ሰልፉ ይሄዳል።

ስለ አመራር ዘይቤዎች ብዙ የሚጠቀሰው የሥነ ልቦና ባለሙያው ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተሙት ጥናት ነው። የአሥር ዓመት ገደማ ልጆች ጭንብልን የመሰሉ የእጅ ሥራዎችን በሦስት ዓይነት መሪዎች ሥር ሲሠሩ ታዩ፦ ሁሉን በሚያዝ፣ በሚያማክር፣ እና እንደፈለጋችሁ ብሎ በሚተው። በአዛዡ ሥር የነበሩት መሪው ከክፍሉ ሲወጣ ሥራቸው ይቀዘቅዝ ነበር፤ በአማካሪው ሥር የነበሩት ግን ይቀጥሉ ነበር። አንድ አለቃ ለስብሰባ ካዛንቺስ ደርሶ ሲመለስ ቢሮውን በምን ሁኔታ እንደሚያገኘው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይህ ማለት ግን ማዘዝ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይደለም። በ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ጀማሪ «አንተ እንደመሰለህ አድርግ» ቢባል ይጨነቃል እንጂ አይነሳሳም፤ ምን፣ እስከ መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ሥራውን ለምዶ ገና ያልደፈረውን ያማክሩት፤ የበቃውን ደግሞ ውጤቱን ብቻ ተስማምተው ይልቀቁት። ልምድ ያለው ባለሙያ በየሰዓቱ ሲጠየቅ እንደተጠረጠረ ይሰማዋል።

እርማት ለብቻ መሰጠት እንዳለበት የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንዲት ጀማሪ የሽያጭ ደረሰኞችን ከግዢ ደረሰኞች ጋር ደባልቃ መዝግባ ሳገኛት፣ በሁሉም ፊት «ይህ እንኳ ይጠፋሻል?» አልኳት። ስህተቱ በ10 ደቂቃ ተስተካከለ፤ እርሷ ግን ለሦስት ሳምንት ያህል አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ከጎኗ የሚቀመጠውን ልጅ በሹክሹክታ ትጠይቅ ነበር፤ እርሱም ከእርሷ ብዙ የተሻለ አያውቅም ነበር። ምስጋናም ቢሆን ዝርዝር ይፈልጋል፦ «ጎበዝ» ከማለት «የባንክ ማስታረቂያው ላይ ያገኘሽው ልዩነት ከቅጣት አዳነን» ማለት ይሻላል።

በመጨረሻም በወር አንድ ጊዜ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር ለብቻ ይቀመጡ። «ችግር አለ?» ብለው ከጠየቁ፣ ይሉኝታ ይዞት «ኧረ ምንም የለም ጋሼ» ይልዎታል። ይልቁንም «በዚህ ወር ሥራህን ያጓተተብህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ይጻፉ፤ መፍትሔ ማምጣት የማይችሉ ከሆነም ምክንያቱን ይንገሩ። እኔ በመጀመሪያው ወር ያገኘሁት መልስ ደመወዝን አልነካም፤ የፋይል መደርደሪያው ቁልፍ ሁልጊዜ እኔ ኪስ ውስጥ ስለሚውል፣ ከቢሮ ስወጣ ሥራ ይቆም ነበር። በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ከሚሠራው ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሁለት ቁልፍ አስቀርጬ ለሁለት ሠራተኞች አስረከብኩ።