መድኃኒቱ ለምን አልሠራም? ስለ ባዮፊልም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ያደገ ሰው ጀሪካን በደንብ ያውቃል። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ቤት ውስጥ የጀሪካን ሰልፍ አይጠፋም። እስቲ ቆየት ያለውን አንሡና ጣታችሁን በአፉ አስገብታችሁ ውስጡን ዳብሱት። ዝልግልግ ነው አይደል? እሱ ነው ባዮፊልም የሚባለው። ባክቴሪያዎቹ ውሃው ላይ መንሳፈፉን ትተው ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፣ ከስኳር፣ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ የተሠራ ሙጫ ራሳቸው ያመነጫሉ፣ ከዚያ እሱን ተከናንበው ተሰብስበው ይኖራሉ። ጥርስ ላይ፣ ቁስል ላይ፣ የሽንት ቱቦ ውስጥም እንዲሁ። አንዴ እንዲህ ከሰፈሩ፣ ተንሳፋፊውን ባክቴሪያ ከሚገድለው መጠን እስከ 1000 እጥፍ የሚደርስ አንቲባዮቲክ ሊቋቋሙ ይችላሉ።

የምሠራው ላብራቶሪ ነው። ሰው መድኃኒት ሲቀያይር ከርሞ፣ ገንዘቡም ጉልበቱም አልቆ ሲመጣ ማየት ያመኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ስህተት 1፦ ሳይፈትጉ ክሎሪን መጨመር

ጠላ ጠማቂ እናት ጋኑን በግራዋ ሳትፈትግ አዲስ ጠላ አትጥልበትም። ጀሪካን ላይ ግን ይህን እንረሳዋለን። ክሎሪኑ ዝልግልጉ ላይ ሲደርስ እዚያው ላዩ ላይ ይባክናል፣ ከሥር ያሉት ይተርፋሉ፣ ለውሃው የሚቀረውም ያንሳል። መጀመሪያ ንጹህ ጠጠርና የሳሙና ውሃ ጨምራችሁ ወተት እንደሚናጥ አድርጋችሁ ናጡት፣ በደንብ አለቅልቁት። ውሃ አጋሩን (የውሃ ማከሚያውን ክሎሪን) ከዚያ በኋላ፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩ።

ስህተት 2፦ «ካልቸሩ ይሠራል ብሎ ነበር፣ ታዲያ ላብራቶሪው ተሳስቷል»

አልተሳሳተም። ካልቸር ማለት ባክቴሪያውን አራብቶ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ማየት ነው። እኛ የምንፈትነው ከናሙናው ወስደን ያራባነውን፣ ሙጫውን ያልለበሰውን ባክቴሪያ ነው። ውጤቱ ስለ እሱ እውነት ነው። የተለጠፈው ግን ሌላ ኑሮ ነው ያለው። ከሥር ያሉት ምግብም ኦክሲጅንም ስለማይደርሳቸው እንደ መተኛት ይላሉ። ፔኒሲሊንን ውሰዱ፤ የሚገድለው ባክቴሪያው የራሱን ሴል ግድግዳ ሲገነባ ነው። የተኛ ምን ይገነባል?

ይህ ደግሞ «መድኃኒቱን ተላምዷል» ከምንለው ይለያል። በ1944 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ቢገር የተባለ የአየርላንድ ሐኪም ፔኒሲሊን ሙሉ በሙሉ ያልጨረሳቸውን ጥቂት ባክቴሪያዎች ወስዶ እንደገና አራባቸው። ልጆቻቸው ፔኒሲሊን ሲነካቸው እንደ ድሮዎቹ ሞቱ። የተረፉት ተኝተው ስለነበር ነው እንጂ መድኃኒቱን ስለለመዱት አልነበረም። ስለዚህ ጠንከር ያለ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ሁልጊዜ መልስ አይሆንም።

ስህተት 3፦ ቱቦውን ሳይቀይሩ መድኃኒት መቀያየር

ይህን በቤተሰብ አይቼዋለሁ። ኮምቦልቻ የአክስቴ ባል፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ፕሮስቴት ታመው የሽንት ቱቦ ገብቶላቸው ነበር። ትኩሳት ሲመጣ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ይሰጣቸዋል፣ ይሻላቸዋል። አሥር ቀን ሳይሞላ እንደገና ትኩሳት፣ ሌላ መድኃኒት፣ ቀጥሎ መርፌ። አክስቴ በሌሊት ስትደውል ስልኩን ለማንሣት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሳያቸው፣ «ቱቦው የገባው መቼ ነው?» አልኩ። ያስታወሰ ሰው የለም! ሕክምና ላይ የነበሩትም አልጠየቁም። መድኃኒቱ ሽንቱ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ይገድላል፣ ትኩሳቱም ይበርዳል፤ የቱቦው ውስጥ ግን እንዳለ ነው፣ ከእሱ ላይ እየተላቀቁ እንደገና ይወርዳሉ።

የሚመከረው ይህ ነው። ኢንፌክሽን ሲይዝ ቱቦው ከገባ ከሁለት ሳምንት በላይ ከሆነውና አሁንም የሚያስፈልግ ከሆነ ይቀየር፣ ለካልቸር የሚሰጠው ሽንትም ከአዲሱ ቱቦ ይቀዳ። ከአሮጌው ከቀዳችሁ የምታመጡልኝ የቱቦውን ባክቴሪያ ነው። ቱቦውን ራሳችሁ እንዳትነቅሉት፣ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። እናንተ የገባበትን ቀን ጻፉ፣ ከረጢቱ ከወገብ በታች ይንጠልጠል፣ መሬት አይንካ፣ መገጣጠሚያውን ያለ ምክንያት አትክፈቱ። በየቀኑም «አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦ ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ አይቀርም። ትኩሳትም ሕመምም ከሌለው አብሽሩ፤ ውጤት ወረቀት ላይ ስለታየ ብቻ በአብዛኛው አንቲባዮቲክ አይሰጥም።

ጋሼ ቱቦው ተቀይሮ፣ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ተጀምሮ ነው የተነሡት።

ስህተት 4፦ የተረፈ ኪኒን መቃመስ

ጎረቤት ከሰጠው ሁለት ፍሬ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተረፈው ሦስት። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ለመግደል የማይበቃ ቶብራማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ላብራቶሪ ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ጭራሽ ባዮፊልም እንዲሠሩ አነሣሥቷቸዋል። ጠላት መጣ ብለው ምሽግ እንደመቆፈር ነው።

ስህተት 5፦ ካፕሱል ፈልቅቆ ቁስል ላይ መነስነስ

እባካችሁ ይህን ተዉት፣ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ። ዱቄቱ ላዩ ላይ ይጋገርና ከሥር ያለውን ይሸፍነዋል። ለወራት አልድን ያለ ቁስል ብዙ ጊዜ ባዮፊልም አለበት፤ ባለሙያ የሞተውን ሥጋ ማንሣት፣ ማጠብና ማሸግ አለበት። ባክቴሪያው በቀናት ውስጥ ተመልሶ መሥራት ስለሚጀምር ቀጠሮው አይዘለል። «አንዴ ታጠበልኝ፣ ይበቃል» ማለት የለም።

ስህተት 6፦ መጉመጥመጥ ይበቃል ማለት

ሌቨንሁክ የተባለው ሆላንዳዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጥርሱን ቆሻሻ በሠራው ማጉሊያ ሲያይ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታት አገኘ። በኮምጣጤ ሞከረ፤ የሞቱት ከውጭ ያሉት ብቻ ነበሩ። ለዚህ የወይራ መፋቂያም ይሁን ብሩሽ ያስፈልጋል፣ በየቀኑ፣ እስከ ድዱ ጥግ። ደርቆ ድንጋይ የሆነውን ግን መፋቂያ አያነሣውም፤ እሱን የጥርስ ሐኪም ይጠርገው።