ጅማ ላይ ሰፈራችሁን ስለ አደንዛዥ ዕፅ ለማንቃት ካሰባችሁ

ሰኔ 19 አደንዛዥ ዕፅንና ሕገወጥ ዝውውሩን ለመከላከል በዓለም ደረጃ የሚታሰብ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቀኑን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እኛ ደግሞ ባነር ሰቅለን፣ ቲሸርት ለብሰን፣ ንግግር ሰምተን እንበተናለን። ሐሺሽ የሚያጨሰው ልጅ ግን እዚያ የለም።

ስለዚህ ከቡና ጀምሩ። ጅማ ላይ ሰው ከልቡ የሚሰማው ስኒ ይዞ ሲቀመጥ ነው። ስምንት ወይም አስር ጎረቤት ይበቃል። አፋን ኦሮሞም አማርኛም የሚችል ሰው ያውራ፣ አለበለዚያ ግማሹ ሰው ዝም ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። አባቶችን በዕድር ስብሰባ ታገኟቸዋላችሁ። ለቀበሌው አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ወሬውን "ጫት መርዝ ነው" ብላችሁ አትክፈቱት። ጫት በሕግ አልተከለከለም፣ የስንት ቤት እንጀራ ነው፣ ያን ካላችሁ ጆሮ የሚሰጣችሁ የለም። ይልቅ ነገሩ እንዴት ተያይዞ እንደሚመጣ አሳዩ። ልጁ ለፈተና ብሎ ይቅማል። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳዋል። እሱን ለመስበር ጨብሲ ይገባል፣ መጠጡ አልበቃ ሲል ደግሞ ኪኒን ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ትራማዶልን በስሙ ጥሩት። የሕመም ማስታገሻ ስለሆነ ብዙ እናት ልጇ ኪስ ውስጥ ብታገኘው አትደነግጥም። ግን ሱስ ያስይዛል፣ ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፣ ከመጠጥ ጋር ደግሞ ትንፋሽ እስከማቋረጥ ይደርሳል።

ስለ ዝውውሩ ስታወሩ ሻንጣን አንሱ። ከዚህ አካባቢ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እህቶች ብዙ ናቸው። "ይቺን ዕቃ ለዘመዴ አድርሺልኝ" የሚል ሰው ሲመጣ፣ ያውም የአገር ልጅ ሲሆን፣ እምቢ ማለት ይከብዳል። እምቢ ማለትን አለማምዷቸው፣ እዚያው ቡናው ላይ አንዷ ዕቃ ላኪ አንዷ ተጓዥ ሆነው ይሞክሩት። ራሳቸው ያላሸጉትን ሻንጣ አይያዙ። ሳዑዲ ላይ ዕፅ ማዘዋወር እስከ ሞት ያስቀጣል። እኛም አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አለ፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም።

ከሱስ የወጣ ልጅ ታሪኩን ቢናገር የማንንም ንግግር ያስንቃል። ግን ስልክ ይቀመጥ! እኛ አንዴ ይህን ሳንናገር ቀረን፣ አንዱ ቀርጾ ለቀቀው፣ ልጁ ለወራት ከቤት አልወጣም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቡናው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ "ወንድሜ እኮ..." ማለቱ አይቀርም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ሱስም እዚያ ይታከማል። አድራሻ ነግራችሁ ብቻ አትሸኙት። ቀን ቆርጣችሁ አብራችሁት ሂዱ፣ ካርድ ሲያወጣ አጠገቡ ቁሙ፣ ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ቀይረው የሚመለሱት እዚያ ወረፋ ላይ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው።