ረጃጅሞቹን የአናቶሚ ቃላት ቆራርጦ ማንበብ

አናቶሚ (የሰውነት አካላት አሠራር ትምህርት) ላይ ምላስ የሚያስሩት የእንግሊዝኛ ቃላት አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን ተገጣጥመው የመጡ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ መጋጠሚያቸውን ፈልጉ።

ስተርኖክላይዶማስቶይድን እንይ፤ አንገታችሁን ወደ ጎን ስታዞሩ በቆዳ ስር ብድግ የሚለው ጡንቻ ነው። ስተርኖ የደረት አጥንት፣ ክላይዶ ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት፣ ማስቶይድ ደግሞ ከጆሮ ጀርባ በጣት የሚዳሰሰው ጉብታ ነው። ጡንቻው የሚያያዘውም እነዚሁ ላይ ነው፤ ስሙን ካወቃችሁ ግማሹን አጠናችሁ ማለት ነው። ሲቆረጥ ስተር-ኖ-ክላይ-ዶ-ማስ-ቶይድ ይሆናል፣ ስድስት ክፍለ ቃል። መጀመሪያው ላይ «እስተር» ማለት ይቀናናልና ተጠንቀቁ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ጠበቅ ተደርጎ፣ ማለትም ከሌሎቹ ክፍለ ቃላት ጎላ ብሎ፣ የሚነበበው «ማስ» ነው። እኛ አማርኛ ስንናገር ክፍለ ቃሉን ሁሉ እኩል ስለምንረግጥ፣ እንግሊዝኛው ላይም እንደዚያው ሄደን ፊደሉን ሁሉ በትክክል ብንጠራ እንኳ ሰሚው ግራ ይጋባል። ከኋላ ጀምራችሁ ገንቡት። ማስቶይድ። ዶማስቶይድ። ክላይዶማስቶይድ። ከዚያ ሙሉውን።

ግን መጋጠሚያው ሁሌ አይታመንም። የባት ጡንቻ የሆነውን ጋስትሮክኒሚየስን ውሰዱ። በትርጉም ጋስትሮ እና ክኒሚየስ ነው፣ ሲነበብ ግን «ክ» ወደ ፊተኛው ሄዳ ትለጠፋለች፦ ጋስ-ትሮክ-ኒ-ሚ-የስ። የሚጠብቀው «ኒ» ነው። መጨረሻቸው እንደዚህ «ኢየስ» ወይም «ኢያ» የሆኑ ቃላት ከእሱ በፊት ያለው ላይ ይጠብቃሉ፤ ሳርቶሪየስ (የጭን ጡንቻ) «ቶ» ላይ፣ ሬዲየስ (የክንድ አጥንት) «ሬ» ላይ፣ ቲቢያ (የቅልጥም አጥንት) «ቲ» ላይ።

የፊደል ወጥመዶቹ ቀላል ናቸው። ሲ እና ኤች ተከታትለው ስታዩ «ች» እንዳትሉ፣ ትሬኪያ (የአየር ቧንቧ) ነው። ፒ እና ቲ ቃል ሲጀምሩ ፒዋ ትዋጣለች፤ ቴሪጎይድ (የመንጋጋ ጡንቻ)። ኤክስ ሲጀምር «ዝ» ነው፤ ዛይፎይድ (የደረት አጥንት የታችኛው ጫፍ)። ፋሪንክስና (ጉሮሮ) ላሪንክስን (ማንቁርት) ደግሞ እባካችሁ «ፋርኒክስ»፣ «ላርኒክስ» አትበሉ፤ ይቺ ስህተት እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበትንም ታሳስታለች።

አንዳንዱ ላይ ሁለቱም ልክ ነው። ዱኦዲነምን (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) «ዲ» ላይ የሚያጠብቅ አለ፣ «ኦ» ላይ የሚያጠብቅም አለ። አስተማሪያችሁ የሚለውን ያዙና እለፉ።

ደብተር ላይ በፊደላችን ስትጽፉ በሰረዝ ለያዩት፣ የሚጠብቀውን አስምሩበት። የእኛ ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ አለው አንዳንዴ የለውም፣ ስለዚህ ጽሑፋችሁን ብቻ አትመኑ፤ የኦንላይን መዝገበ ቃላት ላይ ያለችውን የድምፅ ምልክት ነክታችሁ አስተያዩት።